ውርጭ ሲወድቅ፣ ሐሩር ሲበረታ፦ የደም ግፊትን በጎጃም ወቅቶች መከታተል

በኅዳር ማለዳ ደብረ ማርቆስ ላይ 152 ያሳየ መለኪያ፣ በመጋቢት ከሰዓት በኋላ በዚያው ሰው ክንድ ላይ 128 ሊያሳይ ይችላል። ሰውየው «ለቀቀኝ» ብሎ ክኒኑን ያቆማል። ጥቅምት ሲመለስ ግፊቱም ይመለሳል፤ አንዳንዱን ሰው ግማሽ አካሉን ይዞት ይመለሳል። ከእነዚህ 24 ነጥቦች ውስጥ አየሩ ያመጣው ስንት ነው? በአለካክ ስህተት የመጣውስ? መድኃኒቱ ያወረደውስ? ይህን ለመለየት አንድ መለኪያ፣ አንድ ደብተርና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃል።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። «ደም ብዛት» የምንለው ደም በዝቶ አይደለም። ደሙ በደም ሥር ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ከመጠን ሲያልፍ ነው። ብዙውን ጊዜ ምንም አይሰማም። «ፀሐይ መታኝና ራሴን ወቀረኝ፣ ደም ብዛቴ ተነሣ» የሚለው ሰው ሲለካ ግፊቱ ከወትሮው ዝቅ ብሎ፣ ችግሩ የውኃ ጥም ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። በስሜት መገመት ስለማያዋጣ መለካት ግድ ነው።

አየሩ የሚሠራው

ብርድ ሲነካን ሰውነት ሙቀቱን ለመቆጠብ በቆዳ ሥር ያሉትን ትንንሽ ደም ሥሮች ያጠባል። መንገዱ ሲጠብ ልብ ያንኑ ደም በበለጠ ኃይል መግፋት አለበትና ቁጥሩ ይወጣል። ሙቀት ሲሆን ደም ሥሮቹ ይሰፋሉ፣ ውኃና ጨው በላብ ይወጣል፣ ቁጥሩ ይወርዳል። በብዙ አገሮች ሲታይ በቀዝቃዛውና በሞቃቱ ወቅት መካከል ላይኛው ቁጥር (ልብ ደም ሲገፋ ያለው ግፊት) በአማካይ 5 ነጥብ ገደማ ይለያያል። በአዛውንትና በቀጫጭን ሰዎች ላይ ልዩነቱ ይሰፋል፣ ምክንያቱም የአዛውንት ደም ሥር እንደ ወጣት አይለጠጥም፣ የቀጭን ሰው አካል ደግሞ ቶሎ ይበርዳል።

እንግዲህ አየር ብቻውን 152ን 128 አያደርግም። ከፊሉ የሰዓቱ ነው፤ ግፊት በተፈጥሮው ከእንቅልፍ ስንነቃ ይወጣል፣ በእንቅልፍ ጊዜ ይወርዳል። ከፊሉ ደግሞ፣ ብዙ ጊዜም ትልቁ ድርሻ፣ የአለካኩ ነው።

ስለ ጎጃም አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ብርድ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ክረምትን ነው። የክረምቱ ብርድ ግን ቀኑን ሙሉ ደመናና እርጥበት ያለበት፣ ሌሊትና ቀኑ ብዙም የማይራራቅ ብርድ ነው። ለደም ሥር ከባዱ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ነው። ሰማዩ ይጠራል፣ የቀኑ ሙቀት ሌሊት ሽቅብ ያመልጣል፣ በደጋው ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ወርዶ ቀኑ ከ20 በላይ ይሆናል። በጮቄ ተራራ ትከሻ ላይ ያሉ ቀበሌዎች ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ያድራል። ስለዚህ የማለዳው ቁጥርና የከሰዓቱ ቁጥር በጣም የሚራራቁት በእነዚህ ወራት ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ደግሞ ሐሩሩ ይበረታል፤ በባሕር ዳር ዙሪያ፣ በመተከል፣ በዓባይ ሸለቆ ግፊት የሚወርደው ያኔ ነው። የደጋ ሰው ወደ ቆላ ሲወርድ ወቅቱ ሳይለወጥ አየሩ ይለወጥበታል። ከደጀን አፋፍ እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ብቻ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው።

አለካኩ፦ ስህተት የሚገባበት ዋናው በር

የክንድ መለኪያ ይግዙ። የእጅ አንጓው ዓይነት ለብርድ አገር አይሆንም፤ አንጓ ቶሎ ይበርዳል፣ እጁ ከልብ ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ ሲልም ቁጥሩን ያዛባል። ሲገዙ የሚጠመጠመውን ጨርቅ፣ ማለትም ካፉን፣ ልክ ይዩ። በክንድዎ መካከል ዙሪያውን በሜትር ይለኩ፤ ከ22 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የተለመደው ካፍ ይበቃል፣ ከ32 በላይ ከሆነ ትልቁ ያስፈልጋል። ጠባብ ካፍ በወፍራም ክንድ ላይ ቁጥሩን በውሸት ከፍ ያደርጋል።

አብዛኞቹ የኤሌክትሮኒክ መለኪያዎች የሚሠሩት አየሩ ከ10 እስከ 40 ዲግሪ በሆነበት ቦታ ነው። በታኅሣሥ ሌሊት መስኮት ላይ ያደረ መለኪያ ከዚያ በታች ቀዝቅዞ ሊገኝ ይችላል፣ ባትሪውም ይደክማል። ስለዚህ ማታ ከአልጋው አጠገብ፣ በሳጥን ውስጥ ያሳድሩት። ሌላም አለ፤ የቆርቆሮ ቤት ማለዳ እንደ ዋሻ ይበርዳል፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ እንደ ምጣድ ይግላል። የሣር ክዳን ቤት እንዲህ አይዋዥቅም። ሁልጊዜ በአንድ ክፍልና በአንድ ሰዓት ካልለኩ፣ የሚለኩት ግፊትዎን ሳይሆን ጣሪያዎን ነው።

ማለዳ ሲነሡ መጀመሪያ ሽንትዎን ይሽኑ፤ የሞላ ፊኛ ብቻውን ቁጥሩን ወደ 10 ነጥብ ሊያወጣው ይችላል። ቡና ሳይጠጡ፣ ቁርስ ሳይበሉ፣ የማለዳ ክኒንዎን ሳይወስዱ ይለኩ። ቡና ከጠጡ፣ ሲጋራ ካጨሱ ወይም ዳገት ከወጡ 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ከውጭ ገብተው እጅዎ ከቀዘቀዘ በጋቢ ተጠቅልለው እጅዎ እስኪሞቅ ይቆዩ። ከዚያ ጀርባ ባለው ወንበር ይቀመጡ። ዱካ ወይም መደብ ላይ ያለ መደገፊያ መቀመጥ ቁጥሩን ያወጣል፤ ሌላ ከሌለ መደቡ ላይ ሆነው ግድግዳውን ይደገፉ። እግርዎ መሬት ይንካ፣ አይቆላለፍ። ባዶ እግር ከሆኑ ቀዝቃዛው መሬት ላይ ጆንያ ወይም አጎዛ ያንጥፉ። አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ።

አሁን ክንዱ። በብርዱ ወራት የሚሠራው ትልቁ ስህተት እዚህ ነው። ሰው ልብስ ማውለቅ ይፈራና የሹራቡን እጅጌ ወደ ላይ ይሰበስባል፤ የተሰበሰበው እጅጌ ከካፉ በላይ ክንዱን እንደ ገመድ ያስረዋል። ወይም ካፉ በሹራቡ ላይ ይጠመጠማል። ሁለቱም ቁጥሩን ያበላሹታል። ትክክለኛው አንዱን እጅ ከሹራቡ ሙሉ በሙሉ አውጥቶ፣ ትከሻውን በጋቢ ሸፍኖ፣ ካፉን በባዶው ክንድ ላይ ማሰር ነው። የካፉ የታችኛው ጠርዝ ከክርን መታጠፊያው ሁለት ጣት ያህል ከፍ ይበል፤ በካፉና በክንዱ መካከል አንድ ወይም ሁለት ጣት ብቻ ያስገባ። ክንዱ በጠረጴዛ ወይም በታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ተደግፎ ከልብ እኩል ይሁን። ተንጠልጥሎ ከተለካ በ10 ነጥብ ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ብሎ ይነበባል። በመካከሉ አይነጋገሩ። ጎረቤት ገብቶ «እንዴት አደሩ» ካለ እንኳ መልሱን ሲጨርሱ ይስጡት፣ አይቀየምም።

ሁለት ጊዜ፣ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ለክተው ሁለቱንም ይጻፉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለኩ ከሆነ ሁለቱንም ክንድ ይለኩና ከዚያ ወዲያ ከፍ ያለውን ክንድ ብቻ ይጠቀሙ። መለኪያውን በዓመት አንድ ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ ይዘውት ሄደው ከነርሷ መለኪያ ጋር ያስተያዩት።

ደብተሩ

በየቀኑ መለካት አያስፈልግም፣ ጭንቀት ያበዛል። በዓመት ሦስት ጊዜ፣ ወቅት ሲገለበጥ፣ ሰባት ተከታታይ ቀን ይለኩ፦ አንዴ በጥቅምት አጋማሽ፣ አንዴ በየካቲት መጨረሻ፣ አንዴ በሰኔ። ማለዳና ማታ ሁለት ሁለት ጊዜ። የመጀመሪያውን ቀን ይሰርዙና የቀሩትን የስድስት ቀን ቁጥሮች ይደምሩ፤ 24 ቁጥር ይሆናሉ፣ ለ24 ያካፍሉ። ላይኛውንም ታችኛውንም (ልብ ሲያርፍ ያለውን ግፊት) ለየብቻ። በቤት ውስጥ አማካዩ 135 በ85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊቱ ከፍ ብሏል ማለት ነው። በጤና ተቋም የሚጠቀሙበት ወሰን 140 በ90 ነው፤ ሁለቱን አያምታቱ።

ከቁጥሩ አጠገብ ሦስት ነገር ይጻፉ፦ ሰዓቱን፣ ክኒኑ ተወስዶ እንደሆነ፣ አየሩን በአንድ ቃል፤ «ውርጭ»፣ «ደመና»፣ «ሐሩር»። በሁለተኛው ዓመት ይህ ደብተር ከማንኛውም ምክር በላይ ይጠቅምዎታል። የጥቅምት አማካይዎ ከየካቲቱ በ6 ወይም በ8 ከፍ የሚል ሰው መሆንዎን ካወቁ፣ በ20 ከፍ ሲል አየሩ ብቻ እንዳልሆነ ወዲያው ይገባዎታል። ያን ጊዜ የሚፈለገው ሌላ ነው፤ የተዘለለ ክኒን፣ የበዛ ጨው፣ ወይም አዲስ የተጀመረ የሕመም ማስታገሻ።

ከጥቅምት እስከ ጥር

እጅ፣ እግርና ራስ ይሸፈኑ። በቁምጣ ማለዳ ለአጨዳ የሚወጣ አባወራ ጉልበቱ ባይበርደውም ደም ሥሩ ይጠባል፤ ፀሐይ እስክትሞቅ ረጅም ሱሪና ካልሲ ይልበስ። ሌሊት ከሞቀ ብርድ ልብስ ተነሥቶ ውጭ ወዳለ መጸዳጃ በአንድ ጊዜ መውጣት ለአዛውንት መጥፎ ነው፤ ፖፖ ከአልጋ ሥር ይኑር። ፊት በለብ ያለ ውኃ ይታጠቡ።

ቤት ለማሞቅ ከሰል ከተቀጣጠለ በርና መስኮት በጥቂቱ ክፍት ይሁን፣ ሰው ከመተኛቱ በፊትም ማንደጃው ወደ ውጭ ይውጣ። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ ቤተሰብ ሙሉ ይጨርሳል። የምድጃ ጭስም ከግፊት መጨመር ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ አያት ምድጃው አጠገብ ቢሞቁ ጥሩ ነው፣ ጭሱ የሚነፍስበት ወገን ግን አይሁን።

አረቄ ብርድ ያባርራል የሚባለው እውነት አይደለም። ቆዳን ያሞቃል፣ የውስጡን ሙቀት ግን በቆዳ በኩል ያስወጣዋል፤ በየቀኑ ሲጠጣ ግፊትን በቀጥታ ይጨምራል፣ መድኃኒት ያስረሳል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ቢባልም የግፊት ታማሚ አጥንቱን በጨው ሳይሆን በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በኮረሪማ ያጣፍጠው። ነጭ ሽንኩርት ለወጥ መልካም ነው፣ የክኒን ምትክ ግን አይሆንም።

ጨውን ለመቆጣጠር ሚዛን አያስፈልግም። የአንድ አዋቂ የቀን መጠን፣ ወጡም ዳቦውም ቆሎውም ተጨምሮ፣ ከ5 ግራም በታች ነው፤ ልሙጥ አንድ የሻይ ማንኪያ። አምስት ሰው ባለበት ቤት አንድ ኪሎ ጨው ቢያንስ 40 ቀን መቆየት አለበት። የተገዛበትን ቀን ላስቲኩ ላይ ይጻፉ። በ20 ቀን ካለቀ ቤቱ የሚገባውን እጥፍ እየበላ ነው። ቡናን በጨው የሚጠጣ ቤት ከዚያ ይጀምር፤ ከሁሉ የሚቀለው እሱ ነው።

የጥምቀት ማለዳ ጥር 11 ነው፣ ከዓመቱ ብርዳማ ቀኖች አንዱ። ቀዝቃዛ ውኃ በድንገት ገላ ላይ ሲፈስ ግፊት በቅጽበት ይዘላል። ለጤነኛ ሰው ብዙውን ጊዜ ጉዳት የለውም። ግፊቱ ያልተስተካከለ ሰው ግን ርጭቱን ይቀበል፣ አይጠመቅ፣ ክኒኑንም ሳይዘል ይውጣ። ጠበል ለሚገቡም ያው ነው፤ ለሚያጠምቁት አባት አስቀድመው ይንገሩ፣ ጠበሉን መጠጣትና መረጨት ይቻላል። ጠበል ሲጀምሩ ክኒን ማቆም ግን እጅግ አደገኛ ነው፣ በተለይ አቴኖሎል። እሱን በድንገት ያቆመ ሰው ግፊቱ ወደ ላይ ይፈናጠራል፣ ልቡም ሊጎዳ ይችላል።

ጉንፋን በእነዚህ ወራት ይበዛል። አፍንጫ የሚከፍቱ ክኒኖች ደም ሥር ያጠባሉ፣ የሕመም ማስታገሻዎቹ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ውኃና ጨው በሰውነት ውስጥ ያስቀራሉ። መድኃኒት ቤት ሲገቡ «የግፊት ታማሚ ነኝ» የመጀመሪያ ቃልዎ ይሁን። ለትኩሳትና ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ይሻላል።

ከየካቲት እስከ ሚያዝያ

እዚህ አደጋው ይገለበጣል፤ መውረዱ ያሰጋል። ሐሩሩ ደም ሥር ያሰፋል፣ ክኒኑም ያሰፋል፣ የሚያሸናው ክኒን ውኃ ያወጣል፣ ሁዳዴ ደግሞ መጠጥ ያዘገያል። አራቱ ሲገናኙ ሰው ቅዳሴ ላይ በመቋሚያው ተደግፎ እንደቆመ ዓይኑ ጨልሞ ይወድቃል። የአዛውንት ዳሌ የሚሰበረው እንዲህ ነው።

በዚህ ወቅት ከተቀመጡበት ከለኩ በኋላ ይነሡና አንድ ደቂቃና ሦስት ደቂቃ ሲሞላ ቆመው ደግመው ይለኩ። ላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ታችኛው በ10 ከወረደ፣ ወይም ላይኛው ከ110 በታች ሆኖ ራስ የሚያዞር ከሆነ፣ ሐኪሙ የክኒኑን መጠን ማየት አለበት። ራስዎ አይቁረጡ። ግማሽ መቁረጥ የማይገባቸው ክኒኖች አሉ፣ የትኛው ከየትኛው ተለይቶ እንደሚቀነስም ቁጥሩ ብቻ አይነግርም።

ጾሙን በተመለከተ፣ ሕመምተኛ ከንስሐ አባቱ ጋር መክሮ ይጾማል፤ ክኒን በውኃ መዋጥ የሚያስጨንቅዎ ከሆነ እሳቸውን ይጠይቁ። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰደውን አምሎዲፒን ወይም ኢናላፕሪል ወደ ማታ ማዛወር ይችል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ። የሚያሸናውን ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ግን ወደ ማታ ቢያዛውሩት ሌሊቱን ሲነሡና ሲተኙ ያድራሉ፤ ጾም ሲፈታ መውሰዱ ይሻላል። አምሎዲፒን የሚወስዱ ሰዎች በሙቀት ቁርጭምጭሚታቸው ሊያብጥ ይችላል። ያስቸግራል እንጂ ሁልጊዜ የኩላሊት ምልክት አይደለም፤ ለሐኪም ይነገር፣ ክኒኑ ግን አይጣል።

ውኃ ሳይጠማዎ ይጠጡ፤ ሽንት ከጠቆረ አንሷል ማለት ነው። የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው መጠኑን ከሐኪሙ ይውሰድ። የዓባይን በረሃ በአውቶቡስ የሚያቋርጥ ሰው ውኃ ይያዝ፣ ከአውቶቡሱ ሊወርድ ሲልም መጀመሪያ የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ከዚያ ይቁም። ከደጋ ወደ መተማ ወይም ወደ መተከል ለሥራ የሚወርድ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ይለካ፤ ደጋ ላይ የተመጠነለት ክኒን ቆላ ላይ ሊበዛበት ይችላል።

ከፋሲካ በኋላ ያለው ሳምንት ደግሞ የጨውና የመጠጥ ሳምንት ነው። በዚያ ሳምንት የተለካ ቁጥር ስለ ወቅቱ ምንም አይነግርም፣ ደብተሩ ላይ «በዓል» ብለው ይለፉት።

ክረምት፦ ችግሩ መንገዱ ነው

በክረምት ግፊትን ከሚያወጡት ሁሉ የሚከፋው የክኒን ማለቅ ነው። ወንዝ ይሞላል፣ ጭቃው መኪና ይከለክላል፣ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ለሳምንታት ይዘገያል። ሰኔ ላይ ቀጠሮ ይያዙና እስከ መስከረም አጋማሽ የሚበቃ ክኒን እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ፤ በቀን አንድ ክኒን ከሆነ 100 ፍሬ ያህል ነው። ክኒኑን ከነማሸጊያው፣ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ፣ ከመሬት ከፍ አድርገው ያኑሩ። ከምድጃ በላይ ያለ ቆጥ ላይ አይሁን፣ ሙቀትና እንፋሎት ያበላሸዋል። የቆርቆሮ ጣሪያ ሥርም አይሁን።

ተቅማጥ፣ ወይም ከመስከረም ጀምሮ በቆላውና በጣና ዳር ወባ ከያዘዎ፣ ትኩሳቱና ትውከቱ ውኃዎን ይጨርሰዋል። የሚያሸና ክኒን ወይም ኢናላፕሪል የሚወስድ ሰው በዚህ ጊዜ ኩላሊቱ ሊጎዳ ይችላል፣ ዳይክሎፌናክ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ክኒኑ ለጥቂት ቀን ይቁም አይቁም እዚያ ይወሰናል። ኦአርኤስ (በውኃ የሚበጠበጠው የተቅማጥ ዱቄት) ጨው አለበት ብለው አይተዉት፣ የወጣውን ነው የሚተካው።

የማይጠበቅበት ሰዓት

መለኪያው 180 በ120 ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ አምስት ደቂቃ ዐርፈው ይድገሙት። ያው ከሆነና ሌላ ምልክት ከሌለ በዚያው ቀን ይታዩ። የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የዓይን ብዥታ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም መደናገር ካለ ግን ሰዓት አይጥፋ። ስትሮክን (ወደ አንጎል የሚሄደው ደም መቋረጡን ወይም በአንጎል ውስጥ መፍሰሱን) ለመለየት ሰውየውን ፈገግ በሉ፣ ሁለት እጅዎን አንሡ፣ ስምዎን ንገሩን ይበሏቸው። አፍ ከጎደለ፣ አንዱ እጅ ከወደቀ ወይም ቃል ከተኮላተፈ፣ ቁጥሩ ምንም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው፦ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ እንጅባራ፣ ሞጣ፣ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን፣ የቀረበው። ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ይጻፉ። የሚዋጥ ነገር፣ ውኃም ቢሆን፣ አይስጧቸው፤ ትን ይላቸዋል። ክኒንም በድርብ አይስጧቸው፣ ግፊቱ በድንገት ቢወርድ የአንጎሉን ጉዳት ያሰፋል። በጎን አስተኝተው፣ በጋቢ ሸፍነው፣ የክኒኖቹን ማሸጊያ ሁሉና ደብተሩን በአንድ ፌስታል ይዘው ይሂዱ።